ዶሮን አዘቅዝቆ መሸከም ይቅር
(ስለ ዶሮ አያያዝና አጓጓዝ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት)

መግቢያ

ከአምቦና ከሆለታ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ ቡራዩን አልፎ አስኮ ይደርሳል። በበዓል ዋዜማ በዚህ መንገድ ዳር የቆመ ሰው በየዓመቱ የሚያየው አንድ ነገር አለ። ዶሮዎች ሦስትና አራት እየሆኑ እግራቸው በቃጫ ወይም በጨርቅ ቅዳጅ ታስሮ፣ ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ፣ ከሰው እጅ፣ ከሽመል ጫፍ ወይም ከመኪና ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለው ይመጣሉ። ገዢውም ከነጋዴው ተቀብሎ በዚያው ሁኔታ እያወዛወዘ ወደ ቤቱ ይወስዳቸዋል። ይህ ሁኔታ በአስኮ ብቻ የሚታይ ሳይሆን ዶሮ በሚሸጥበት የአገራችን ገበያ ሁሉ የተለመደ ነው።

አሠራሩ ከልማድ የመጣ በመሆኑ የሚገረምበት ሰው የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልማዱ ሦስት ወገኖችን የሚጎዳ መሆኑን ማሳየትና እንዲቀር ማሳሰብ ነው። ተጎጂዎቹም ዶሮዋ ራሷ፣ ያረባቻት ገበሬ፣ እንዲሁም ለወጥ ወይም ለእንቁላል ብሎ የሚገዛት ሰው ናቸው። ጉዳቱን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ወይም መሣሪያ አይደለም። የሚያስፈልገው የሠለጠነ እጅና አንድ ቅርጫት ነው።

ብክነቱ ከምርት በኋላ የሚደርስ ነው

የሰብል ባለሙያ በዶሮ ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገባን ምክንያት ግን አለ። በሰብል ልማት በኩል ምርቱ ከማሳ ከተነሣ በኋላ በአጨዳ፣ በውቂያ፣ በማጓጓዝና በጎተራ ውስጥ የሚባክነው እህል ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኖ ይጠናል፤ ገበሬውም ይመከርበታል። ዘሩ ምርጥ፣ ማዳበሪያውም በወቅቱ የተጨመረ ቢሆን፣ ጎተራው ነቀዝ ካስገባ የዓመቱ ልፋት ከንቱ እንደሚሆን ማንም የልማት ሠራተኛ አይስተውም። በዶሮ ልማት በኩል ግን ስለ ዝርያ፣ ስለ መኖ፣ ስለ ቤትና ስለ ክትባት ስናስተምር ቆይተን፣ ዶሮዋ ከቤት ወጥታ ገበያ እስክትደርስ ያለውን ጊዜ ያለ ምክር እንተወዋለን። ለእህሉ ስለ ጎተራ እንዳሰብን ሁሉ ለዶሮዋም ስለ መንገዱ ልናስብ ይገባናል።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ የሚያሳስብበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ለገበሬውና ለከተማ ነዋሪው የሚከፋፈለው ቄብና ጫጩት በጣም መጨመሩ ነው። እነዚህ ዶሮዎች ከማሳደጊያ ጣቢያ ተነሥተው በመኪና፣ በባጃጅ፣ በጋሪና በሰው እጅ ብዙ መንገድ ይጓዛሉ። ሁለተኛው ምክንያት ዝርያው መለወጡ ነው። እንደ ሳሶ ያሉት ዶሮዎች ከአገራችን ዶሮ በክብደት የሚበልጡ ስለሆኑ በእግራቸው በሚንጠለጠሉበት ጊዜ በጭናቸው መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫናም የዚያኑ ያህል ይበልጣል። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት እንቁላል ጣዮች ደግሞ እንቁላል ስለሚያበዙ አጥንታቸው በቀላሉ ይሰበራል። ስለሆነም ትንሿን የአገር ዶሮ እንደ ምንም ያሻገረው የአያያዝ ልማድ ለእነዚህ አይሆንም።

የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የዶሮ ምርምርን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚያስተባብር ሲሆን፣ ከሥራዎቹም አንዱ የሆሮን ዶሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየመረጡ ማሻሻል ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ነው። የብዙ ዓመት ምርምር ውጤት የሆነችው ዶሮ በአንድ ሰዓት መንገድ ክንፏ ተሰብሮ ከገበሬው ደጃፍ ስትደርስ፣ “ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት” የሚለው ተረት በእኛው ላይ ደረሰ ማለት ነው። በምርጥ ዝርያና በክትባት አባብለን፣ በመጨረሻው እርምጃ በገመድ እንጥላታለን።

የዶሮ አፈጣጠር ከዚህ አያያዝ ጋር አይስማማም

ገበሬውን “አትዘቅዝቅ” ብሎ ማዘዝ ብቻውን በቂ አይደለም። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሌላውንም ያስተምራል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች በሚገባ ሊያስረዳ ይገባል።

1ኛ/ አተነፋፈሷ። ሰውም ሆነ ከብት የሚተነፍሰው ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ እየታገዘ ነው። ዶሮ ይህ ጡንቻ የላትም። የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷንና የጎድን አጥንቷን በማንቀሳቀስ ሲሆን፣ አየሩ በሳንባዋ ውስጥ የሚመላለሰው በደረቷና በሆዷ በተዘረጉ 9 የአየር ከረጢቶች አማካይነት ነው። ስትዘቀዘቅ ጉበቷ፣ አንጀቷና እንቁላል የሚሠራው አካሏ ሁሉ በእነዚህ ከረጢቶች ላይ ይጫናል። በዚህም የተነሣ ትንፋሿ ያጥራታል። ደረቷን አጥብቆ የሚጨብጣት ሰውም እንዲሁ ትንፋሽ ያሳጣታል። ሕፃናት ጫጩት ሲይዙ ሳያውቁ የሚገድሏት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

2ኛ/ የእህል ከረጢቷ። ዶሮ የለቀመችው እህልና የጠጣችው ውሃ በቀጥታ ወደ ሆዷ አይወርድም። በመጀመሪያ ከአንገቷ ሥር ባለው ከረጢት ውስጥ ይቆያል። ይህ ከረጢት ሞልቶ ሳለ ስትዘቀዘቅ ያለው ነገር ወደ አፏ ይመለስና ወደ ትንፋሽ ቧንቧዋ ሊገባ ይችላል። “ምንም ሳትሆን ድንገት ሞተች” ከሚባሉት ዶሮዎች አንዳንዶቹ በዚህ መንገድ የታነቁ ናቸው።

3ኛ/ አጥንቷ። የወፍ ዘር አጥንት ለመብረር እንዲያመች ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ቀላል ነው፤ አንዳንዱም ውስጡ ባዶ ሆኖ ከአየር ከረጢቶች ጋር ይገናኛል። ከዚህም ሌላ አንድ የእንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ገደማ ካልሲየም የሚይዝ ሲሆን፣ ዶሮዋ ከምትበላው የጎደለውን ከገዛ አጥንቷ እየወሰደች ታሟላዋለች። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በአንድ እግሯ ወይም በክንፏ ስትንጠለጠል ጭኗ ከመጋጠሚያው ሊወልቅ፣ ክንፏም ሊሰበር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት እግሯን አንድ ላይ መያዝ አንዱን እግር ብቻ ከመያዝ ይሻላል። ነገር ግን ይህም ቢሆን መዘቅዘቅን ተገቢ አያደርገውም።

4ኛ/ ሙቀቷ። የዶሮ ሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ዶሮ ላብ አታልብም። ሙቀት ሲበዛባት አፏን ከፍታ በማለክለክና ክንፏን ከሰውነቷ በማራቅ ትቀዘቅዛለች። ታስራና ከሌሎች ጋር ተጣብቃ በፀሐይ የዋለች ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የታፈነች ዶሮ ሁለቱንም ማድረግ አትችልም።

5ኛ/ ዝምታዋ። ዘቅዝቆ የሚይዝ ሰው ሁሉ የሚያቀርበው አንድ መከራከሪያ አለ። ይኸውም “ስትዘቀዘቅ ትረጋጋለች” የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ ጥቂት ከተራገበች በኋላ ዝም ትላለች። ይህ ግን አውሬ የያዛት ዶሮ የምታሳየው ድንዛዜ ነው። በፍርሃት መደንዘዝና መረጋጋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተረጋጋች ዶሮ ዐይኗን እያንቀሳቀሰች አካባቢዋን ትቃኛለች፤ አንገቷንም ቀጥ አድርጋ ትይዛለች።

ጉዳቱ በገንዘብ ሲታሰብ

ስሌቱን ለማቅለል ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የዶሮ ነጋዴ 10 ዶሮ እያንዳንዳቸውን በ500 ብር ገዝታ በ550 ብር ትሸጣለች እንበል። ያወጣችው ገንዘብ 5,000 ብር ነው። ሁሉንም በደኅና ብታደርስ 500 ብር ታተርፋለች። ከ10ሩ አንዷ በመንገድ ብትሞት የምትሸጠው 9 ዶሮ በመሆኑ የምታገኘው 4,950 ብር ይሆናል። ይህም ማለት አንዲቱ ዶሮ የዘጠኙን ትርፍ ሁሉ ይዛ ከመሄዷም በላይ ከዋናው ገንዘብ 50 ብር አጉድላለች። የመኪና ኪራይና የቀኑ ድካም በዚህ ውስጥ አልገባም።

ሳትሞት የተጎዳችውም ብትሆን ኪሳራ ታመጣለች። ለበዓል የተገዛች ዶሮ ታርዳ ስትገሸለጥ በታፋዋና በክንፏ ላይ ደም የቋጠረ ቦታ ይታያል። በአሥራ ሁለት ብልት ተሰናድታ ለእንግዳ የምትቀርብ ዶሮ ሁለት ብልቷ ሲበላሽ ባለቤቲቱ ምን እንደሚሰማት የምታውቀው የወጥ ቤት ሰው ናት። ለእንቁላል የተገዛች ቄብ ደግሞ በድንጋጤና በጉዳት ምክንያት መጣል የምትጀምርበት ጊዜ ሊዘገይ ይችላል። መጣል የጀመረችውም ልታቋርጥ ትችላለች። ገዢው ግን የአጓጓዙን ጉዳት ስለማያውቅ “ዝርያው አይረባም” ብሎ ይደመድማል። በዚህም ምክንያት ጥፋቱ በመንገድ ላይ ተፈጽሞ ሳለ ስሙ የሚጠፋው የልማት ሠራተኛውና ዝርያው ይሆናል።

ሌላው ጉዳት በሽታ ነው። ፈንግል የሚባለው የዶሮ ቸነፈር ከታመመች ዶሮ ኩስና ከአፍንጫዋ በሚወጣ ፈሳሽ ይተላለፋል። ከተለያየ ቀበሌ የመጡ ዶሮዎች በአንድ ገመድ ታስረው ሲውሉ፣ ያልተሸጡትም ማታ ወደ ቤት ተመልሰው ከመንጋው ሲቀላቀሉ፣ በሽታው ከገበያ ወደ ሠፈር የሚገባበት ሰፊ በር ይከፈትለታል።

ትክክለኛው አያያዝ

ሀ/ አያያዝ ሲጀመር። ዶሮን ማሳደድ አይገባም። ዶሮ በጨለማ ስለማታይ ጸጥ ትላለች። ስለሆነም ከምሽት በኋላ ወይም ጎሕ ሳይቀድ ከቆጧ ላይ ማንሣት ከሁሉ ይመረጣል። በቀን መያዝ ግድ ከሆነ ቤት ውስጥ አስገብቶ መስኮቱን በመጋረድ ብርሃኑን መቀነስና ቀስ ብሎ ወደ ማዕዘን ማስጠጋት ይበቃል። በግቢ ውስጥ ዶሮ የማባረሩ ሥራ ለልጆች የሚሰጥበት ልማድ ሊቀር ይገባዋል።

ለ/ አነሣሥ። ሁለት እጅን ከላይ በማውረድ ሁለቱንም ክንፎች ከጎኗ ጋር አስጠግቶ መያዝ ነው። ክንፏ ከተያዘ አትራገብም፤ ካልተራገበች አትሰበርም። መጭመቅ ግን አያስፈልግም። እጁ ክንፏን ይከለክላል እንጂ ደረቷን አይጫንም።

ሐ/ አስተቃቀፍ። አንዱን እጅ ከደረቷ ሥር አሳልፎ ሁለቱን እግሮቿን በጣቶች መካከል ማስገባት፣ አንድ ጣትም በእግሮቿ መካከል እንዲሆን ማድረግ ነው። የደረት አጥንቷ በክንድ ላይ ያርፋል። ራሷ ወደ ያዡ ክርን ዞሮ በብብቱ ሥር ይሆናል። ሁለተኛው እጅ ከጀርባዋ ላይ ቀለል ብሎ ይቀመጣል። በዚህ አያያዝ አንድ ሰው ዶሮዋን ይዞ ረጅም መንገድ ሊሄድ ይችላል። ለፈንግል መከላከያ የዐይን ጠብታ ክትባት በሚሰጥበት ጊዜም የሚያገለግለው ይኸው አያያዝ ነው። ዶሮዋ በሚገባ ካልተያዘች ጠብታው ከዐይኗ ውጭ ስለሚፈስ ክትባቱም ይባክናል።

መ/ ቅርጫት ወይም ሣጥን። ብዙ ዶሮ የሚያጓጉዝ ሰው ከቀርከሃ፣ ከሸምበቆ ወይም ከጣውላ ቁራጭ የተሠራ ሣጥን ሊኖረው ይገባል። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ከ10 እስከ 12 የሚደርሱ የደረሱ ዶሮዎችን ይይዛል። በቆላ ወይም በበጋ ጊዜ ከ10 ባይበልጥ ይሻላል። በጎንና በጎን ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። ከዚያ ከሰፋ ግን አንገቷን እያወጣች ትጎዳለች። ወለሉ እግሯ የማይሾልክበት ሆኖ ገለባ ወይም ሰጋቱራ ሊነጠፍበት ይገባል። በሩ ከላይ ቢሆንና ሰፋ ቢል ዶሮዋ ስትገባና ስትወጣ ክንፏ አይያዝም። አንድና ሁለት ዶሮ ለሚወስድ ሰው ክዳን ያለው ቅርጫት ወይም ጎኑ የተበሳሳ ካርቶን ይበቃዋል።

ሠ/ ከመነሣት በፊት። ከጉዞው 4 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ እህል መስጠት ማቆም፣ ውሃ ግን እስከ መነሻው ድረስ መስጠት ተገቢ ነው። የታመመች፣ የምታነክስ ወይም የከሳች ዶሮ ጨርሶ አትጫንም። አውራ ዶሮዎችን ከሴቶቹ መለየት ያስፈልጋል።

ረ/ በመኪና ላይ። ሣጥኖቹ ሲደራረቡ አየር የሚያልፍበት ክፍተት በመካከላቸው ይተዋል፤ እንዳይንሸራተቱም ይታሰራሉ። መታሰር የሚገባው ሣጥኑ እንጂ ዶሮዋ አይደለችም። ጉዞው በማለዳ ወይም ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል። መኪና በፀሐይ ሲቆም ነፋሱ ስለሚቋረጥ በሣጥን ውስጥ ያለው ሙቀት በጥቂት ጊዜ ይጨምራል። ስለዚህ ለቁርስ ወይም ለምሳ የሚቆም ሾፌር ጥላ ያለበትን ቦታ መምረጥ አለበት። በሌላ በኩል ከሆለታ እስከ አስኮ ያለው አገር ደጋ በመሆኑ በማለዳው ብርድና በክረምቱ ዝናብ የፊት ለፊቱን ነፋስ በሸራ መከለል ያስፈልጋል። የኋላው ግን ክፍት ይሁን። የራሰች ዶሮ በነፋስ ላይ ከተጓዘች በብርድ ትሞታለች።

ሰ/ የአንድ ቀን ጫጩት። ጫጩት ከእንቁላሉ አስኳል የተረፈ ምግብ በሆዷ ይዛ ስለምትፈለፈል ከ2 እስከ 3 ቀን ሳትበላ ልትቆይ ትችላለች። ይህ ግን ቀርፋፋነትን አይፈቅድም። ለ100 ጫጩት የሚሠራው ሣጥን በ4 ክፍል ተከፍሎ በየክፍሉ 25 ጫጩት የሚይዝ ነው። ክፍልፋዩ የተሠራው ጫጩቶች በአንድ ማዕዘን ተከማችተው እንዳይታፈኑ ስለሆነ ሊነሣ አይገባም። ጫጩት ስትያዝ በመዳፍ ላይ ትቀመጣለች እንጂ በጡጫ አትጨበጥም።

ሸ/ ከደረሱ በኋላ። በመጀመሪያ ጥላና ንጹሕ ውሃ፣ ቀጥሎም መኖ ይሰጣቸዋል። ዶሮዎቹ አንድ በአንድ እየተያዙ ይወጣሉ እንጂ ሣጥኑ ተገልብጦ አይራገፍም። አዲስ የገቡትም ሆኑ ከገበያ የተመለሱት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ከመንጋው ተለይተው መቆየት አለባቸው። ሣጥኑ ከኩሱ ተጠርጎ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያም በውሃ በተበጠበጠ በረኪና ተረጭቶ በፀሐይ ይደርቃል። የያዘውም ሰው እጁን ይታጠባል።

ለሚቀርቡ መቃወሚያዎች መልስ

“አባቶቻችን እንዲህ ሲሸከሙ ኖረዋል” የሚሉ አሉ። አባቶቻችን ይሸከሙ የነበረው ለቅርብ ገበያ የሚሄዱ ሁለትና ሦስት ትንንሽ የአገር ዶሮዎችን ነበር። ዛሬ የምንጭነው በመቶ የሚቆጠር ከባድ ዶሮ ነው፤ መንገዱም ረጅም ነው። ደግሞም ቅርጫት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ቀርከሃ የሚሰነጥቅና ቅርጫት የሚሠራ ባለሙያ በየአካባቢው አለ። ለዶሮ የሚሆን ሣጥን ብናዝዘው ለእሱም ሥራ ይሆንለታል።

“ሣጥኑ ገንዘብ ያስወጣል” የሚለው መቃወሚያ ተገቢ ነው፤ ለአንዲት ገበሬ ይከብዳትም ይሆናል። ለዚህ ነው ጉዳዩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥራ የሚሆነው። ማኅበሩ 10 ሣጥን አሠርቶ ለአባላቱ በጥቂት ኪራይ ቢያውል ዋጋው በአጭር ጊዜ ይመለሳል። ከላይ እንደታየው ስሌት፣ ከሞት የተረፈችው እያንዳንዷ ዶሮ ሣጥኑን ለማሠራት የወጣውን ገንዘብ ትደግፋለች።

“ሾፌርና ረዳት ሣጥን አያስገቡልንም” የሚለው ግን ከሁሉ የበለጠ እውነትነት ያለው ነው። በሕዝብ ማመላለሻ ላይ ሣጥን ቦታ ይይዛል። የታሰረች ዶሮ ግን በወንበር ሥር ትጣላለች። ለዚህ መፍትሔው ለየብቻ ከመሄድ አንድ ላይ መጫን ነው። የገበያው ቀን ሲደርስ አባላት ዶሯቸውን በማኅበሩ ግቢ ሰብስበው አንድ መኪና ቢከራዩ ኪራዩም ይቀልላል፤ ዶሮውም በሣጥን ይሄዳል። ከዚህም በላይ ሻጮቹ አንድ ላይ ስለሚደርሱ ዋጋውን ደላላ ብቻውን አይወስንባቸውም።

በመጨረሻም “ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው” የሚሉ ይኖራሉ። የአውሮፓ ኅብረት ስለ እንስሳት አጓጓዝ ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ቁጥር 1/2005 እንስሳትን በእግራቸው ማንሣትን እንደሚከለክል እርግጥ ነው። ነገር ግን በዚያም አገር በትላልቅ እርባታዎች ዶሮን በእግሯ እየያዙ የመጫኑ ልማድ ገና አከራካሪ ሆኖ ይገኛል። ስለሆነም ነገሩ የእነሱና የእኛ የሚባል አይደለም። የትም ቦታ ቢሆን የሚቸኩል እጅ እግር ይይዛል፤ የሚያስብ እጅ ክንፍ ይይዛል። በአገራችንም ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ የሚታረድ እንስሳ ያለ አግባብ መንገላታት እንደሌለበት ያምናል። ይህን እምነታችንን ከቢላዋው ቀደም ብሎ ባለው መንገድም ላይ ማሳየት ይገባናል።

ምን ይደረግ

ሀ/ የልማት ሠራተኞች። ገበሬው የሚከተለው የተነገረውን ብቻ ሳይሆን ያየውን ነው። ቄብ በሚከፋፈልበት ዕለት ዶሮዎቹ ከመኪና ላይ በእግራቸው እየተጎተቱ ከወረዱ፣ በዚያው ቀን ስለ አያያዝ የሚሰጠው ትምህርት ዋጋ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እኛው ራሳችን በትክክል ማውረድ ነው። ሁለተኛው፣ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል አንድ ሰዓት የሚፈጅ ትርኢት ማዘጋጀት ነው። አንድ ሣጥንና ሁለት ዶሮ ይበቃል። በአገራችን ዶሮ የምታረባው በአብዛኛው ሴት በመሆኗ እናቶችና ልጃገረዶች እንዲገኙ ማድረግ፣ እያንዳንዷም ዶሮዋን በገዛ እጇ አንሥታ እንድትሞክር ዕድል መስጠት ያስፈልጋል። ዐይቶ መሄድና ይዞ መሄድ እኩል አይደለም።

ለ/ የኅብረት ሥራ ማኅበራት። ሣጥን ማሠራት፣ የጋራ ጭነት ማዘጋጀትና የተረካቢነት ደንብ ማውጣት ይጠበቅባቸዋል። ማኅበሩ ዶሮ ሲረከብ ክንፏንና እግሯን መርምሮ፣ በሣጥን ለመጣችና ጉዳት ለሌላት ዶሮ ሻል ያለ ዋጋ ቢከፍል፣ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ይህ ያስተምራል። እንዲሁም በእያንዳንዱ ጉዞ የተጫነውን፣ የሞተውንና የተጎዳውን ቁጥር በደብተር መመዝገብ አለበት። ያልተመዘገበ ኪሳራ እንዳልደረሰ ይቆጠራል፤ እንዳልደረሰ የተቆጠረም ኪሳራ አይታረምም።

ሐ/ በከተማ ያሉ ሻጮችና ገዢዎች። እንደ አስኮ ባሉ የከተማ ዳር ገበያዎች ካርቶን በየሱቁ ይገኛል። ሻጩ ለደንበኛው የተበሳ ካርቶን ቢያቀርብ፣ ገዢውም “በካርቶን ስጠኝ” ብሎ ቢጠይቅ፣ ልማዱ ከሁለቱም በኩል መላላት ይጀምራል።

ማጠቃለያ

በዶሮ ልማት ብዙ ችግር አለ። የመኖው ዋጋ፣ የመድኃኒቱ እጥረት፣ የገበያው መዋዠቅ በልማት ሠራተኛው ወይም በአንድ ማኅበር ጥረት ብቻ የሚፈታ አይደለም። የዶሮ አያያዝ ግን በእጃችን ያለ ነው። ፈቃድ የሚጠየቅበት፣ በጀት የሚጠበቅለት ነገር አይደለም። በሚቀጥለው የቄብ ክፍፍል ቀን የመጀመሪያውን ሣጥን የሚከፍተው የልማት ሠራተኛ ሁለት እጁን ከላይ አውርዶ፣ ክንፏን አስጠግቶ፣ ደረቷን በክንዱ ላይ አሳርፎ ለተረካቢዋ ያቀብል። ተረካቢዋም በዚያው አያያዝ ትቀበለው። ሌሎቹ በተራቸው የሚያደርጉት ያዩትን ነው።